ተከላካዩ ከኋላው የሰማው ቃል

ጁራንዲር በለንደን፣ በኤድመንተን በሚገኝ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ባልደረቦቹ ስለ እርሱ አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሰጥ አይቀመጥም። በምሳ ሰዓት ወንበሩን አንሥቶ ጥግ ይይዛል፤ በአውቶቡስም የመጨረሻውን መቀመጫ ይመርጣል። አንዳንዶቹ ከፖሊስ የሚሸሽ ይመስላቸዋል፤ ሌሎቹ የወገብ ሕመም ነው ይላሉ። እውነቱ ግን ከኋላው የሚጠራው ድምፅ መኖሩ ነው። ድምፁ የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ጁራንዲር ግን ብራዚላዊ ነው።

የተወለደው የብረት ማዕድን በሚቆፈርበት በሚናስ ዤራይስ ግዛት፣ ቀይ አቧራ በማይለያት ትንሽ ከተማ ነው። በብራዚል ተወልዶ ኳስ የሚጫወት ሰው ሁሉ ጎል አግቢ ይመስለናል። ጁራንዲር በተጫወተበት ዘመን ሁሉ ያገባቸው ጎሎች በጣም ጥቂት ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ በገዛ ቡድኑ መረብ ላይ ያረፈ ነው። ሥራው ማስቀረት ነበር። አጥቂ ያገባው ይቆጠርለታል፤ ተከላካይ ያስቀረው ግን አይቆጠርለትም፤ ካመለጠው ብቻ ይታወስበታል። ይህን ሥራ ይዞ ፖርቱጋልን፣ ቆጵሮስን፣ ሮማንያን፣ ማልታን፣ ሱዳንን ዞረ። ውሉ ሁልጊዜ አጭር፣ ሻንጣውም ሁልጊዜ ቀላል ነበር።

በየሄደበት አገር አስቀድሞ የሚማረው ሰላምታ አልነበረም። ተከላካይ ፊቱን ወደ ተጋጣሚው አዙሮ ስለሚቆም፣ ከጀርባው ያለውን የሚያይለት በረኛው ነው። ስለዚህ ጁራንዲር «የኔ»ን፣ «ውጣ»ን፣ «ሰው አለ»ን በየአገሩ ቋንቋ ይለቅማል። ቃሉን ሲለቅም ግን እንደ ጠጠር ድፍኑን ነው፤ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ መጨረሻው ላይ ምን እንደተቀጠለ አይመረምርም። በጆሮ ብቻ ቋንቋ የሚማር ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም ጉዳት አያመጣበትም።

ከሱዳን በኋላ ድሬዳዋ ያለ አንድ ትንሽ ክለብ ወሰደው። ክለቡ ዛሬ የለም። በከዚራ ሰፈር፣ የዛፎቹ ጥላ መንገዱን በሚሸፍንበት በኩል፣ ከበረኛው ከኃይለልዑል ጋር ክለቡ አንድ ቤት ተከራየላቸው። ኃይለልዑል ቀጭን፣ ረጅም፣ ተጫዋች ሰው ነበር። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ በዚያን ጊዜ ጅቡቲ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ወጥ ቤት ሆነው ይሠሩ ስለነበር፣ በቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ጁራንዲርም አማርኛን ከእርሱ አፍ በቀጥታ ተቀበለ። የተቀበለው ድሬዎች እንደሚናገሩት ነው። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፤ «እርስዎ» የሚለውን ቃል እንደማይበላ ምግብ ገፍቶታል። በዚያ ላይ በየዐረፍተ ነገሩ ራስ «አቦ» ይጨምራል። ለሰዋስው የሚጨነቅ ጆሮ ይህን ሲሰማ ይቆረቁረዋል፤ ሆኖም የከተማው ጠባይ ነው።

ጁራንዲር በሜዳ ላይ ቁጡ ነበር። አጥቂ በክርኑ ሲነካው ወይም ሲሳደብበት ደሙ ይፈላል። ይህን ጊዜ ኃይለልዑል ከጎሉ ሮጦ ይመጣና ማልያውን ከኋላ ይዞ፣ «አቦ ተወው! ተወው ይኼን ጅል!» ይለዋል። «ተወው» ማለት «ሰውዬውን አትንካ» ማለት እንደሆነ ጁራንዲር እንዲህ ተማረ። ትርጉሙ ትክክል ነበር፤ ሙሉ ግን አልነበረም።

በአማርኛ በትእዛዙ መጨረሻ ላይ የምትቀጠለው «ው» የወንድ ተሳቢ ምልክት ናት። ሰውም ሆነ ግዑዝ ነገር ለእርሷ አንድ ነው። «ተወው» ሲባል ሰውዬውን ተው ማለት ይሆናል፤ ኳሱን ተው ማለትም ይሆናል። ሕዝባችን ደግሞ ኳስን ሲያሻው በወንድ፣ ሲያሻው በሴት ጾታ ይጠራል። ኃይለልዑል ኳስን እንደ ብዙዎቹ በሴት ጾታ የሚጠራ ቢሆን ኖሮ «ተዋት» ይል ነበር፤ እርሱም ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። እርሱ ግን ኳስን «እሱ» ይል ነበር።

በዚያ እሑድ የተጋጣሚው ቡድን አጥቂ ተንኰለኛ ነበር። ኳስ በአየር ላይ ስትመጣ «የኔ!» እያለ በመጮኽ ተከላካዮቹን ያደናግራል፤ ክልክል ነው፤ ዳኛው ግን አልሰማም። ጁራንዲርንም እየሰደበ ያናድደው ስለነበር፣ ኃይለልዑል ደጋግሞ «ተወው አቦ!» ሲለው ዋለ። በዕረፍት ሰዓት በረኛው ለጓደኞቹ፣ «ከእንግዲህ ‹የኔ› አልልም፤ ያ ሌባ ቃሌን ሰርቆታል» አላቸው። ጁራንዲር በሌላው ጥግ ቁርጭምጭሚቱን እያሰረ ነበርና አልሰማም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሱ ከማዕዘን ተሻማ። አጥቂው በጁራንዲር ደረት ላይ ተለጥፏል። በዚህ ጊዜ ከኋላ፣ ሜዳውን ሁሉ የሚያዳርስ ድምፅ መጣ፦ «ተወው!»

ጁራንዲር ታዘዘ። ሰውዬውን ተወው፤ ኳሱን ፈልጎም በሙሉ ኃይሉ ዘለለ። ኳሱን ተውልኝ ብሎ የወጣው በረኛ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ቅጽበት ደረሰ። የጁራንዲር ጉልበት የኃይለልዑልን ጆሮ ግንድ አገኘው። በረኛው እንደ ወደቀ አልነቃም፤ በሆስፒታልም ሳይነቃ ዐረፈ።

አሠልጣኙ ጊዲዮን በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ እያለቀሰ ጁራንዲርን ጠየቀው። «ኃይሌ ‹የኔ› ብሏል?»

«‹የኔ› የለም» አለ ጁራንዲር። «‹ሰውዬ ተው› ነው ያለው።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ ድምሩ ግን ሐሰት ሆነ። በረኛ ከጎሉ ሲወጣ መጣራት አለበት፤ ሳይጣራ ከወጣ ለሚሆነው ሁሉ ጥፋቱ የእርሱ ነው። ይህ የኳስ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት ሕግ ነው። ስለዚህ ኃይለልዑል ሳይጣራ ወጣ ተባለ፤ «ተወው»ን የሰሙትም ሁሉ፣ ሲያደርገው እንደ ዋለው ጁራንዲርን ሲያበርድ መሰላቸው። ጊዲዮን በለቅሶው ድንኳን ሥር ይህንኑ ተናገረ፤ ከጅቡቲ የደረሱት ወይዘሮ ሸዋረጋም ሰሙት። ጁራንዲር እናቲቱን ከሩቅ አያቸው እንጂ አልቀረባቸውም። ውሉም ወዲያው አለቀና ወደ ኦማን ሄደ። ለጓደኛው በጣም አዘነ፤ ራሱን ግን አልወቀሰም። ሰውዬውን ተው ተብሎ ሰውዬውን ትቷልና።

ከኦማን በኋላ ጉልበቱ ከዳው። በአያቱ በኩል በወጣለት የጣልያን ፓስፖርት ወደ ለንደን መጣ፤ በትንንሽ ቡድኖች ጥቂት ተጫወተና ጫማውን ሰቀለ። በመጋዘኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራውን ኤልፍነሽን አገባ። በቤታቸው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛውን ለጨዋታ ያህል ያወጣዋል። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሽማግሌዎችን «አቦ አንተ፣ እንዴት ነህ?» ሲላቸው ኤልፍነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች።

በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኤልፍነሽ ሽንኩርት ስትከትፍ ጁራንዲር ሊያግዛት ብሎ ድስቱን ከምድጃው ላይ በባዶ እጁ ሊያነሣ ተንጠራራ። እርሷ ከኋላው ነበረች።

«ተወው!» ብላ ጮኸች።

ጁራንዲር እጁን ሰብስቦ፣ ትከሻውን አስፍቶ ዞረ። በጠባቧ ኩሽና ውስጥ ሌላ ሰው ይፈልግ ጀመር።

«ማንን?» አላት።

«ምን ማንን ትለኛለህ? ድስቱን ነዋ! እጅህን ልትጠብሰው ነው እንዴ?»

«ድስት ሰው ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሺፍቱ አናትህን አዞረው እንዴ? ድስቱን ተወው፣ በሩን ተወው፣ ሰውዬውን ተወው፤ ሁሉም ያው ነው።»

«ኳስም?»

«ኳስም፣ ዱባም!» ብላ ሳቀች።

እርሱ አልሳቀም። በኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ኤልፍነሽ የተቃጠለ መስሏት እጁን በቀዝቃዛ ውኃ ልታጥብለት ጎተተችው፤ በእጁ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ድምፁ መምጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አይቆጣም፤ እንደሚታዘዙት እርግጠኛ የሆነ ሰው ድምፅ ነው። የሚመጣው ጁራንዲር አንድ ነገር ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ነው። በመጋዘኑ ከፍተኛ መደርደሪያዎች መካከል የፎርክሊፍቱን ዘንግ ሲይዝ፣ «ተወው!» ይለዋል፤ እጁን ይሰበስባል፤ ጭነቱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አለቃው በዚህ ምክንያት አስጠንቅቆታል። የበር እጀታ፣ የሻይ ኩባያ፣ የባቡር ጣቢያ መወጣጫ ድጋፍ፣ ሁሉም ያስጠራዋል። ይዞር ይዞርና ከኋላው የሚያየው መንገደኛ ብቻ ነው። ጀርባውን ለግድግዳ መስጠት የጀመረው ይህን ጊዜ ነው። አማርኛ መናገሩንም አቆመ። ምክንያቱን ለሚስቱ አልነገራትም፤ እርሷም ጨዋታው የሰለቸው መሰላት።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ባለፈው ክረምት ግን ኤልፍነሽ ከቅዳሴ በኋላ፣ በደቡብ ለንደን በኬኒንግተን ከምትኖር እሌኒ ከምትባል ሴት ጋር ስታወራ፣ ባሏ በድሬዳዋ ይጫወት እንደነበር ነገረቻት። የእሌኒ ፊት ተለወጠ። የኃይለልዑል እኅት ነበረች።

«እናቴ እኔ ጋ ናት» አለቻት። «ቪዛውን ሁለቴ አፕላይ አድርገን ነው የተሳካው። እባክሽ አምጪልኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው። ልጇ ሳይጣራ ወጣ ብለው ቀበሩት፤ እስከ ዛሬ አላመነችም።»

ኤልፍነሽ ይህን ለባሏ ስትነግረው «አልሄድም» አለ።

«ለምን? አንድ አሮጊት ሴት ናቸው።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉን ነገራት፤ ድስቱን ጭምር። ኤልፍነሽ፣ «ታዲያ ንገራቸው» አለችው።

«ልጅሽን የገደልሁት እኔ ነኝ ብዬ?»

«አይደለም። ልጅዎ ተጣርቷል ብለህ።»

«አንዱን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልችልም፣ ኤልፊ።»

እውነቱን ነው። የሟቹን ስም የሚያነጻው ቃል የእርሱን ስም የሚያሳድፍ ነበር፤ ከፍሎ መስጠት አይቻልም። ደግሞም ዝም ቢል የሚያውቅበት ሰው በምድር ላይ ሚስቱ ብቻ ናት። ብዙ ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ያለውን ዝምታ ትሕትና ብሎ ይጠራዋል። ጁራንዲርም ብዙ እሑዶችን በሰበብ አሳለፈ፤ አንዴ ሺፍት ገባብኝ፣ አንዴ አመመኝ እያለ። ኤልፍነሽ አልጨቀጨቀችውም። አንድ እሑድ ግን ኮቱን አምጥታ በጉልበቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ተነሥቶም ለበሰው።

የእሌኒ ቤት ከኦቫል ሜዳ አጠገብ፣ በአንድ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃ ላይ ነው። የክሪኬት ግጥሚያ ስለነበር የሕዝቡ ጭብጨባ በመስኮቱ ይገባ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«ያን መስኮት ዝጊው» አሏት ለልጃቸው። «የሜዳ ጩኸት አልወድም።»

ከዚያም ወደ ጁራንዲር ዞሩ። «አንተ ነህ ከልጄ ጋር አንድ ቤት የኖርኸው?»

ጁራንዲር ራሱን ነቀነቀ።

«አፍህ የት ሄደ? ‹ይኼ ፈረንጅ ወሬው አያልቅም፣ እንቅልፍ ነሣኝ› ይለኝ ነበር በስልክ።»

«አቦ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ጁራንዲር በመጨረሻ። «አማርኛ ከተናገርሁ ቆየሁ። ጠፍቶብኛል።»

ኤልፍነሽ በክርኗ ጎሸመችው። «‹ያድርጉልኝ› በል! ‹እርስዎ› ነው የሚባለው!»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን እጃቸውን አነሡ። «ዝም በይ ልጄ። አታርሚው።» ብራዚላዊው ቃሉን ሲጨርስ የሚጎትትበት አኳኋን፣ «አቦ» ሲል ከአፍንጫው የሚወጣው ቅላፄ፣ የራሱ አልነበረም፤ የኃይለልዑል ነበር። እሌኒም ሰምታዋለች፤ የያዘችውን የሻይ ሰሐን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጠይቂኝ» አለ ጁራንዲር።

«ልጄ ተጣርቷል?»

«ተጣርቷል። ‹ተወው› አለ። ኳሱን ነው። እኔ ሰውዬውን መሰለኝ። ሰውዬውን ትቼ ኳሱ ላይ ዘለልሁ። የመታው የኔ ጉልበት ነው። ጊዲዮን ሲጠይቀኝ ‹ሰውዬ ተው ነው ያለው› አልሁት፤ እውነት መስሎኝ። ቋንቋ አላውቅም ነበር።»

በተዘጋው መስኮት በኩል ጭብጨባው ደብዝዞ ይሰማል።

«ጮክ ብሎ ነው ያለው?» አሉ እናቲቱ።

«ጮክ ብሎ። ሜዳው ሁሉ ሰምቷል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ምኑን?»

«እንዴት አድርጎ ነው ያለው? እስቲ በለው።»

ጁራንዲር ሚስቱን አየ፤ እርሷ ዐይኗን ጣሪያው ላይ ተክላለች። ተነሥቶ ቆመ። ለዓመታት ከኋላው ሲሰማው የኖረውን ቃል፣ በሰማው መጠን፣ በሰማው ቅላፄ ጮኸው። ከታች ባለው ቤት ውሻ መጮኽ ጀመረ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ይኼ ነው ሳይጣራ ወጣ የተባለው?» አለች እሌኒ፣ እንባዋ እየወረደ። «ይኼ መጣራት ካልሆነ ምንድን ነው መጣራት?»

«ለጊዲዮን ደውዪለት» አሉ እናቲቱ።

«እማዬ፣ አሁን?»

«አሁን።»

ጊዲዮን ዛሬ በድሬዳዋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። እሌኒ ማን እንደሚያነጋግረው ነግራው ስልኩን ለጁራንዲር ሰጠችው፤ በስልኩ ውስጥ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማ ነበር።

«ጁራ? አንተ ቀውስ! በሕይወት አለህ? ሆድ አውጥቷል አሉን እኮ!»

«ጊዲ፣ ስማኝ። ኃይሌ ተጣርቶ ነበር።»

ሳቁ ተቋረጠ። «ምን ብሎ?»

«‹ተወው› ብሎ። ኳሱን።»

«አቦ» አለ ጊዲዮን ቀስ ብሎ፤ «እኔ እኮ ‹የኔ ብሏል ወይ› ብዬ ነው የጠየቅሁህ።»

«አዎ።»

«‹ሰውዬ ተው› ስትለኝ፣ ቃሉ ራሱ ምን ነበር ብዬ አልጠየቅሁህም።»

«አልጠየቅኸኝም።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ስልኩን ተቀበሉ። «ጊዲዮን፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ እማማ ሸዋ።»

«ያንን በሰው ፊት ነው ያልኸው። ይኼንንም በሰው ፊት በለው።» መልሱን ሳይጠብቁ ስልኩን ለልጃቸው መለሱ።

ጁራንዲር አሁንም እንደ ቆመ ነበር። ፍርዱን ይጠብቅ ነበር፤ እርግማንም ቢሆን፣ ምሕረትም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅቷል። የተባለው ግን ከሁለቱም አልነበረም።

«አንተን ምን እንደምልህ አላውቅም» አሉት። «ፊትህን ባየሁ ቁጥር ጉልበትህ ይታየኛል።»

«ልሂድ።» ኮቱን አነሣ።

«ሂድ መች አልሁህ? ማየት ነው ያቃተኝ።» ወንበራቸውን ከእሌኒ ጋር እየጎተቱ ወደ መስኮቱ አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። «በል ተናገር።»

«ምን ልናገር?»

«ያሻህን። ስለ ሥራህ፣ ስለ ዝናሙ። አፍህ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።»

ጁራንዲር ስለ መጋዘኑ ተናገረ፤ ስለ ከፍተኞቹ መደርደሪያዎች፣ ስለ ኤድመንተን አውቶቡስ፣ ስለ አለቃው ማስጠንቀቂያ። ቃል ሲያጥረው ከእንግሊዝኛ እየተበደረ፣ ጾታውንና ቁጥሩን እያዘበራረቀ ተናገረ። የሚያርመው አልነበረም።

እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ወደ ኬኒንግተን ይሄዳል። በቤተ ክርስቲያኑ ለጎልማሶች የሚሰጥ የአማርኛ ትምህርት አለ፤ ኤልፍነሽ፣ ቢያንስ «እርስዎ» ማለትን ይልመድ ብላ አስመዝግባው ነበር። አንድ ቀን ተቀምጦ ወጣ። አማርኛው ከታረመ የሌላ ሰው አማርኛ እንደሚሆን ገብቶታል።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በሩ ሲንኳኳ ወንበራቸውን ራሳቸው ያዞራሉ። እርሱ ከኋላቸው ቆሞ ይናገራል። ድምፁ ሲደክምና ዝግ ሲልባቸው፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ጁራንዲርም ይቀጥላል።